ፓሲፋየር፦ በትልቁ ልጄ ተሳስቼ በትንሿ የተማርኩት

ትልቁ ልጄ በተወለደ በአምስተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጡት ከለቀቀ ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው እንደገና ማልቀስ ጀመረ። እኔም አብሬው አለቅሳለሁ። ጡቴ ቆስሏል፣ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል፣ ደህና እንቅልፍ ከተኛሁ ስንት ቀኔ እንደሆነ ረስቼዋለሁ። በስጦታ ከመጡት ዕቃዎች መሃል አንድ ፓሲፋየር (ልጅ ዝም እንዲል አፉ ውስጥ የሚደረግ ባዶ የጎማ ጡት) እንዳለ ትዝ ሲለኝ ባለቤቴን በቃ አምጣው አልኩት፣ እሱም በእንቅልፍ ልቡ እየተደናበረ ሄዶ አመጣው፣ ልጁም ሁለት ሶስቴ ተፋው ከዛ ግን ያዘውና መጥ መጥ መጥ እያረገ ጸጥ አለ። የዛን ሌሊት ይሄን ዕቃ የፈጠረውን ሰው እስኪበቃው መርቄዋለሁ።

ከዛ በኋላማ ምን ልበላችሁ፣ እኝ ባለ ቁጥር ፓሲፋየር። ሊጠይቁን የመጡት ሁሉ "እንዴት ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁ እንኳን አይሰማም እኮ" ይሉኛል፣ እኔም የኔ ሙያ ይመስል ደስ ይለኛል። ለካ ልጁ ርቦት ደክሞት ነው የሚተኛው።

በሁለት ሳምንቱ ለክትትል ወስደነው ሚዛን ላይ ሲወጣ ከተወለደበት ኪሎ በታች ሆኖ ተገኘ። አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ኪሎ መቀነሱ ያለ ነው፣ ግን ብዙዎቹ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይመልሱታል። ነርሷ "በቀን ስንት ጊዜ ጡት ትሰጪዋለሽ?" አለችኝ። ሲያለቅስ አልኳት። "እሺ ትናንት ስንት ጊዜ ሰጠሽው?" ቁጭ ብዬ በጣቴ ስቆጥር ስድስት። አራስ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ግን አልተቆጣችኝም። ፓሲፋየሩን ቀስ ብላ ከአፉ አወጣችውና "ዝም ብለሽ እዪው፣ ገና አያለቅስም" አለችኝ። እኔ ደሞ ለቅሶውን ፈርቼ እጄ ወደ ፓሲፋየሩ ሊሄድብኝ ይታገለኛል። ልጁ መጀመሪያ ከንፈሩን ላሰ፣ ከዛ የተጨበጠች እጁን እየጎተተ ወደ አፉ ወሰዳት፣ ከዛ አንገቱን አዙሮ የነርሷን የእጅጌ ጫፍ በተከፈተ አፉ ይፈልግ ጀመር። "አየሽ የኔ እናት፣ ራበኝ እያለሽ ነው። ለቅሶው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ አንቺ ግን እስከዛ የሚልሽን ሁሉ በጎማ ትደፍኝበታለሽ" አለችኝ። አባባሏ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሌላው ያላወቅኩት የጡት ወተት በተጠባ ልክ ነው የሚመረተው። እኔ አንድ የመጥቢያ ሰዓት በፓሲፋየር ባሳለፍኩ ቁጥር ሰውነቴ "አሃ፣ ያን ያህል አይፈለግም ማለት ነው" ብሎ ይቀንሳል፣ ወተቱ ሲቀንስ ልጁ ቶሎ ይርበዋል፣ ሲርበው ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ ፓሲፋየር እሰጠዋለሁ። ራሴ የፈጠርኩት አዙሪት ውስጥ ነበርኩ በአጭሩ።

ያው እኔ ቤት ስገባ ፓሲፋየሩን ልጥለው ነበር፣ ግን ነርሷ ጣዪው አላለችኝም። ልጅ ሳይርበውም መጥባት ይፈልጋል፣ ገና ማህፀን ውስጥ እያለ የሚጀምረው ነገር ነው፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት እኮ ሆስፒታል ውስጥ ራሱ ፓሲፋየር ይሰጣቸዋል። ጥፋቱ ሰዓቱ ላይ ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ መጀመሪያ ጡት አያያዙ እስኪስተካከል፣ ወተቱ በደንብ እስኪመጣና ኪሎ መጨመር እስኪጀምር መጠበቅ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ከመጀመሪያው በጡጦ የሚመገብ ልጅ ከሆነ ግን ይሄን ያህል መጠበቅ አያስፈልግም። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ በየሁለት ሰዓቱ ማጥባት ጀመርኩ፣ በሳምንቱ ኪሎው ተመለሰ እኔም ተመለስኩ።

ትንሿ ስትወለድ እንግዲህ ልምድ ያለኝ እናት ነኝ ብዬ ኮራ ብያለሁ። ወር እስኪሞላት ፓሲፋየር የሚባል ነገር አላሳየኋትም። ኪሎዋ እየጨመረ፣ በቀን ስድስትና ከዛ በላይ ዳይፐር በሽንት እያረጠበች፣ እኔንም ስትጠባ ሳያመኝ ሲቀር አሁን ይሆናል ብዬ ሰጠኋት። እሷ ሆዬ አልፈለገችም! በምላሷ እየገፋች ትተፋዋለች። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ "ማር ነካ አርጊላትና ስጫት፣ ምን ታስለቅሻታለሽ" አለችኝ። "እማ፣ ማርማ አይሆንም፣ ዓመት ሳይሞላት ማር አይነካም" አልኳት። እናቴ እኛን ሁላችንንም በማር ነው ያሳደግኩት ብላ ተቀየመች፣ ግን በዚህ አልደራደርም፣ ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፣ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ አንጀት ደሞ አይቋቋመውም። ስኳርም ቢሆን ለሚወጣው ጥርስ ጠላት ነው። ለማንኛውም አላስገደድኳትም፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ቅርጽ ያለው ሞከርኩላትና ወደደችው። ባትወደውም ደሞ ችግር አልነበረም፣ ዕድሜ ልካቸውን ሳይፈልጉት የሚያድጉ ሞልተዋል።

በሷ ጊዜ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፣ ፓሲፋየሩ ሁሌም መጨረሻ ላይ ነው። ስታለቅስ መጀመሪያ መቼ ነው የጠባችው እላለሁ፣ ከዛ ዳይፐሯን አያለሁ፣ ከዛ አንገቷ ሥር እጄን ከትቼ ሞቋት እንደሆነ እዳስሳለሁ፣ ከዛ አቅፌ እዞራለሁ። ግማሹን ጊዜ እቅፍ ብቻ ነው የምትፈልገው። ይሄ ሁሉ ሆኖ አሁንም አፏ የሚሠራው ነገር ከፈለገ ያኔ እሰጣታለሁ። ክትባት ስትወጋ ግን ወዲያው ነው፣ መጥባት ሕመሙን ያስታግሳል፣ የሚቻል ከሆነ ጡት ይበልጣል ካልሆነ ፓሲፋየር።

እንቅልፍ ላይ ደሞ ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ ነው የቀየርኩት። በፊት ፓሲፋየር ይዞ መተኛት መጥፎ ልማድ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ግን ልጅን ሲያስተኙ፣ ቀንም ሆነ ማታ፣ ፓሲፋየር መስጠትን ይመክራል፣ ምክንያቱም ጨቅላዎች ተኝተው በድንገት የሚሞቱበትን አደጋ ይቀንሳል። ይሄ ግን በጀርባ ማስተኛትን፣ ጠንከርና ለጥ ያለ ፍራሽን፣ ትራስና ለስላሳ ነገር ከአጠገቡ ማራቅን አይተካም። አንድ ደስ ያለኝ ነገር ልንገራችሁ፣ ከተኛ በኋላ ከአፉ ከወደቀ መመለስ አያስፈልግም። እኔ በትልቁ ጊዜ ሌሊት ስድስት ሰባቴ እየተነሳሁ፣ በሞባይል መብራት ከአልጋው ሥር እየፈለግኩ፣ እሱ ለጥ ብሎ ተኝቶ እያለ መልሼ አፉ ውስጥ አስገባ ነበር። ልጁን ለጡት መቀስቀስ ሲገባኝ ሳልቀሰቅሰው፣ በማይፈልገው ሰዓት ስቀሰቅሰው አድር ነበር ማለት ነው።

ገመዱንም ሳልነግራችሁ አላልፍም። እንዳይወድቅ ተብሎ ልብስ ላይ የሚንጠለጠል ባለ ጨሌ ገመድ ነበረን፣ ሲያዩት ያምራል። አንድ ቀን ከእንቅልፉ ሲነሳ ላነሳው ስሄድ ገመዱ ክንዱ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ጫፉ አንገቱ ጋ ደርሷል። ምንም አልሆነም፣ ግን ያን ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ከዛ ወዲህ በእኛ ቤት ሲተኙ ገመድም፣ ክርም፣ ከፓሲፋየሩ ጋር የተሰፋ አሻንጉሊትም የለም። አንገት ላይ ማሰርማ ቀንም ቢሆን አይታሰብም።

ስትገዙ የሚታየው ብዙ አይደለም። ወጥ ሆኖ የተሠራ፣ መገጣጠሚያ የሌለው ይሻላል፣ እኛ የነበረን ባለ ሁለት ክፍል ፓሲፋየር ሳጥበው ሳብ ባረገው ጡቱ እጄ ላይ ተነቅሎ ቀረ፣ አፉ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስበው አሁንም ይሰቀጥጠኛል። ከንፈር ላይ የሚያርፈው ክፍል ከልጁ አፍ ሰፋ ያለ፣ ወደ 4 ሳንቲሜትር ገደማ፣ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ይሁን። በዕድሜ ነው የሚሸጠው፣ የአራሱን ለትልቅ ልጅ አትስጡ። ከላቴክስ የተሠራው ለስለስ ይላል ግን ቶሎ ያረጃል፣ ሲሊኮኑ ይቆያል። የትኛውም ቢሆን ከመስጠቴ በፊት ጡቱን በደንብ ጎትቼ አየዋለሁ፣ የተሰነጠቀ ወይ የሚያጣብቅ ከሆነ ቀጥታ ቆሻሻ። የጡጦ ጡት ላይ ጨርቅ ወይ ክዳን አስሮ ፓሲፋየር ማድረግ ደሞ በፍጹም፣ ተገንጥሎ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል።

እጥበት ላይ ስድስት ወር እስኪሞላት ለአምስት ደቂቃ እቀቅለው ነበር፣ ከዛ በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና። መሬት ሲወድቅ በራሴ አፍ ጠብቼ የምሰጥበት ጊዜም ነበር፣ አልዋሽም። የጥርስ ሐኪሟ "የአንቺን ጥርስ የበላውን ባክቴሪያ ነው እኮ የምታካፍይው" ስትለኝ ቀረ።

በስምንትና በዘጠኝ ወሯ ጆሮዋን ሁለቴ አመማት። ዶክተሩ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ፓሲፋየር ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚጠቡ ልጆች የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን ይበዛባቸዋል አለኝ፣ እኔም ለእንቅልፍ ብቻ አደረግኩት። ሦስት ቀን ተነጫነጨች፣ በአራተኛው ረሳችው።

ትልቁ ግን እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይዞት ቆየ፣ የኔ ስንፍና ነው። አፉን ገጥሞ ሲነክስ የላይና የታች የፊት ጥርሶቹ አይገናኙም፣ በመሃላቸው የትንሽ ጣቴ ጫፍ ያልፋል። የጥርስ ሐኪሟ ቢያንስ በሦስት ዓመቱ መቆም ነበረበት አለችኝ። አንድ ጓደኛዬ ጫፉን በመቀስ ቁረጪበት ይጠላዋል ብላኝ ነበር፣ እሱንም አታድርጉ፣ የተቆረጠ ጎማ በጥርስ ተቦጭቆ ሊያንቅ ይችላል። የሠራልኝ ቀስ በቀስ መቀነሱ ነው። መጀመሪያ ቀን ቀን ከዓይኑ ሰወርኩት፣ ሊያወራኝ ሲመጣ "አውጣውና ንገረኝ፣ አልሰማሁህም" እለዋለሁ፣ ከዛ የቀን እንቅልፉን ያለሱ አስለመድኩት፣ የማታው መጨረሻ ላይ ሄደ። አራት ሌሊት አስቸጋሪ ነበር፣ አጠገቡ ተኝቼ ጀርባውን እያሸሁለት አለፈ። ጥርሱም በጊዜ ሂደት እየገጠመለት መጣ፣ የሁሉም ልጅ ግን እንደዛ አይመለስም ስላሉኝ እንደ ዕድል ነው የምቆጥረው።

ትንሿን እኔ አላስጣልኳትም። ዓመት ከምናምኗ አንድ ማታ ፓሲፋየሩ ጠፋ፣ ፈልጌ አጣሁት፣ እሷ ግን እኔ ስፈልግ እንቅልፍ ወስዷታል። ከወር በኋላ ቤት ሳጸዳ ከአልጋው ጀርባ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። እሷ አየችው፣ አገላብጣ አየችው፣ የአሻንጉሊቷ አፍ ላይ ለጥፋበት ሄደች። እኔ ነኝ እንግዲህ አንስቼ በሳሙና ያጠብኩት፣ ጎትቼ መሰንጠቁን ያየሁት፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።