ፕሮሰሰሩን ማዘግየት እስከ የት ድረስ ያዋጣል? የሪል ታይም ሲስተም ጥናቴ እስካሁን

ሰሞኑን የሪል ታይም ሲስተም (ሥራውን በተቀመጠለት የጊዜ ገደብ ውስጥ መጨረስ ያለበት ኮምፒውተር) የኢነርጂ ቁጠባን እያጠናሁ ነው። ፕሮሰሰሩን ባዘገየነው ቁጥር ኢነርጂ ይቆጠባል ወይ? በሁለት ፕሮሰሰር ሳሰላው መልሱ በጣም ስላስገረመኝ ላካፍላችሁ።

መነሻው ቀላል ነው። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚወስደው ፓወር በፍሪኩዌንሲው እና በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ያድጋል። ሁለቱን አብረን ካወረድን ሥራው ጊዜ ይወስዳል እንጂ በትንሽ ኢነርጂ ያልቃል። ዲቪኤፍኤስ (ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲን እንደ አስፈላጊነቱ መቀያየር) የሚባለው ይሄ ነው። ከዴድላይን (ከጊዜ ገደቡ) በፊት የሚተርፍ ጊዜ ካለ ለዚህ ማዋል ያጓጓል።

ግን ቮልቴጅ ሲወርድ አንድን ቢት የሚይዘው ቻርጅም ያንሳል። ከኮስሚክ ጨረር የመጣ ኒውትሮን 0ን ወደ 1 ለመቀየር ይቀለዋል። ቺፑ ደህና ነው፣ ውጤቱ ግን ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዳካይ ዡ፣ ራሚ መልሄም እና ዳንኤል ሞሴ ፍጥነት ሲቀንስ የስህተቱ መጠን በኤክስፖኔንሻል የሚያድግበትን ሞዴል አቀረቡ። (በነገራችን ላይ ኒውትሮኑ ከፍታ ላይ ይበዛል። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ናት፤ ለምድር ወገብ መቅረቧ ደግሞ በመሬት መግነጢሳዊ መስክ የተነሳ ይቀንስላታል።)

ወደ ቁጥር እንግባ። አንድ ታስክ (ሥራ) በሙሉ ፍጥነት 3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ዴድላይኑ 10 ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚወስደውን ኢነርጂ 100 እንበለው። ስታቲክ ፓወርን (ፕሮሰሰሩ ሥራ ባይሠራም በርቶ እስካለ ድረስ የሚፈጀውን) ለጊዜው ትቼዋለሁ። ቮልቴጁ ከፍጥነቱ እኩል ይወርዳል ካልን ኢነርጂው በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ወደ 30 በመቶ ብናወርድ ኢነርጂው 9 ብቻ ይሆናል። በጣም ደስ ይላል። ሆኖም በ10 በመቶ ፍጥነት ስህተቱ 100 እጥፍ ይሆናል ብለን ከተነሳን፣ በ30 በመቶ ላይ 36 እጥፍ ገደማ ነው። ሥራው ራሱም ስለረዘመ የመሳሳት ዕድሉ ወደ 120 እጥፍ ይደርሳል። ለመድገም ደግሞ ጊዜ አልቋል።

መፍትሔው መጀመሪያ ለድጋሚ ሥራ የሚሆን 3 ሚሊሰከንድ ማስቀመጥ ነው። በቀሪው 7 ውስጥ ታስኩን በ43 በመቶ ፍጥነት እናስኬደዋለን። ኢነርጂው 18 ይሆናል። ስህተት ከተገኘ በሙሉ ፍጥነት ይደገማል። ሥርዓቱ የሚወድቀው ሁለቱም ከተሳሳቱ ብቻ ስለሆነ፣ አስተማማኝነቱ ምንም ካልዘገየው እንኳ ይሻላል። ይሄን ሳይ ነው ጉዳዩ በጣም የያዘኝ።

ሁለተኛ ፕሮሰሰር ሲጨመር ባክአፑን (በሙሉ ፍጥነት የሚሠራውን የድጋሚ ሥራ) እዚያ እናደርገዋለን፤ አንዱ ፕሮሰሰር ጨርሶ ቢሞት እንኳ ሥራው አይቆምም። ባክአፑ በተቻለ መጠን ዘግይቶ፣ ማለትም 7ኛው ሚሊሰከንድ ላይ ይነሳል። ዋናው በደህና ከጨረሰ ባክአፑ ይሰረዛል። ዋናውን በ43 በመቶ ካስኬድነው ልክ 7 ላይ ስለሚያልቅ ባክአፑ አይነሳም፤ ድምሩ 18 ነው። ወደ 35 ብናወርደውስ? ዋናው ራሱ 12 ይወስዳል፣ ግን ባክአፑ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይሰረዛል፤ ድምሩ 65 ገደማ ነው። በ30 በመቶ ደግሞ ባክአፑ እስከ መጨረሻው ይሠራል፦ 109። ጭራሽ ካለመቆጠብ ይብሳል!

ስለዚህ አሁን ፍጥነት ስመርጥ የማየው ሁለቱ ፕሮሰሰሮች አብረው የሚሠሩበትን ጊዜ ነው። ብዙ ታስክ ሲኖር ዋናዎቹን በኢዲኤፍ (ዴድላይኑ የቀረበ ይቅደም)፣ ባክአፖቹን በኢዲኤል (በዚያው ቅደም ተከተል፣ ግን በተቻለ መጠን ዘግይቶ) ማሰለፍ ይህን መደራረብ ይቀንሳል። እሱን በፓይተን ሲሙሌተር እየጻፍኩ ነው። ቀጥሎ ስታቲክ ፓወርን አስገባለሁ፤ እሱ ሲገባ ባክአፕ ባይኖርም እንኳ ከአንድ ፍጥነት በታች መውረድ ኪሳራ ነው። በእውነተኛ ቦርድ ላይ ለክታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ፕሮሰሰሩን አስተኝቶ መቀስቀስ ምን ያህል ጊዜና ኢነርጂ እንደሚፈጅ ብትነግሩኝ በጣም ይጠቅመኛል።