ቅጠል ይዞ እሁድ ገበያ መግባት፦ የአንድ ቤተሰብ ማስታወሻ

ሰላም ናችሁ? ይህ ያመረታችሁትን በራሳችሁ እጅ ለምትሸጡ ነው። እኛ ከሆለታ ወጣ ብለን ነው የምንኖረው። እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ልጄና እኔ። ማሳችን ትንሽ ናት። ድንች፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ስር እናመርታለን። ጥቂት ዶሮዎችም አሉን። እሁድ እሁድ አዲስ አበባ ገብተን እንሸጣለን። ከጀመርን ዓመት አልፎናል። እስካሁን ምን እንደተለወጠ ልንገራችሁ፣ እናንተም የራሳችሁን ጨምሩበት።

ለማያውቀው ያህል፣ የእሁድ ገበያ በአዲስ አበባ የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። ኑሮ ሲወደድ አምራቹንና ሸማቹን ፊት ለፊት ማገናኘት፣ መሀል የሚቆመውን ደላላ መቀነስ ነበር ሐሳቡ። ድንኳን ይደረደራል፣ የዋጋ ዝርዝር ይለጠፋል። ዩኒየኖችና ማኅበራት ሽንኩርቱንና ጤፉን በአይሱዙ ያራግፋሉ። ዘይት፣ ዱቄት፣ ሳሙና ሳይቀር አለ። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ጠረጴዛ ያለው ቤተሰብ ምን ይዞ ይቆማል? እኛ ቤት ለወራት ያከራከረን ይሄ ነው።

ባለቤቴ «ሽንኩርት» ይል ነበር። ያለ ሽንኩርት ወጥ የለም፣ ልክ ነው። ግን ሽንኩርት ከመቂና ከባቱ በመኪና ሙሉ ነው የሚመጣው። በደንብ ከደረቀ ሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ብዙ የጫነ ሰው ሁልጊዜ ከእኛ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። እኛ ከሌላ ገዝተን ብናመጣ ደግሞ ነጋዴ ሆንን እንጂ ገበሬ አልሆንንም። ቲማቲምም ያው ነው።

ቅጠል ግን ሌላ ነው። የጎመንን መንገድ እስቲ ተከተሉት። ከሰዓት በኋላ ይታጨዳል። ጆንያ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ማታ ይጫናል። ሌሊት አትክልት ተራ ይደርሳል (ፒያሳ የነበረው፣ በ2012 በኮሮና ጊዜ ጃንሜዳ የሄደው፣ ከዚያ ኃይሌ ጋርመንት የገባው)። ጠዋት ቸርቻሪው ይወስደዋል፣ ጉልት ላይ ይዘረጋል። እናት ቤቷ ስታስገባው ጎመኑ ከተቆረጠ አንድም ሁለትም ቀን አልፎታል፣ ጫፉም ቢጫ ጀምሯል። የእኛ ጎመን ሌሊት ተቆርጦ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን ትልቁ ነጋዴ ሊያደርገው አይችልም። ገንዘብ ስለሌለው ሳይሆን መንገዱ ስለሚረዝም ነው። ትንሽ መሆን የሚያዋጣበት ቦታ እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ቶሎ የሚጠወልገውን ሽጡ።

እናም ሥራው ሁሉ ከመቁረጥ እስከ ጠረጴዛ ባሉት ሰዓታት ላይ ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት ድንቹን እንቆፍራለን፣ ካሮቱንና ቀይ ስሩን እንነቅላለን። እነሱ ሌሊቱን ይችሉታል። ቅጠሉን ግን አንነካውም። ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ወንድሜና ባለቤቴ ባትሪ ይዘው ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት ቅጠሉ ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ሲያጥፉት ቋ ይላል። ፀሐይ ካገኘው በኋላ የተቆረጠ ጎመን ግን ውሃ ቢነከርም ያን ያህል አይመለስም። እናቴ በር ላይ ሁለት በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ አዘጋጅታ ትጠብቃለች። አንዱ አፈሩን ያወጣል፣ ሌላው ያቀዘቅዛል። ከዚያ አራግፈን ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እግሩን ወደ ታች አድርገን እናቆመዋለን፣ በላዩ እርጥብ ኬሻ።

ጆንያ ትተን ወደ ሳጥን መሄዳችን ትልቁ ለውጥ ነው። ቅጠል ተቆርጦም ይተነፍሳል፣ ሙቀት ያወጣል። ጆንያ ውስጥ ተጠቅጥቆ እጃችሁን ብታስገቡበት ይሞቃል። ሳጥኑ አየር ያስገባል፣ ተደራርቦም አይጨፈልቅም። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። እኛ በአንዴ አልገዛነውም፣ በዕቁብ ነው የሰበሰብነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ካሮትን ከነቅጠሉ ማቅረብ ያምራል። ሰው ከሩቅ አይቶ ይመጣል። ነገር ግን ቅጠሉ ከሥሩ ውሃ ይመጥጣል፣ ከሰዓት በኋላ ካሮቱ ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ ፊት ለፊት ለማሳያ ጥቂት እስር ከነቅጠሉ እንተዋለን፣ ሌላውን ቤት እያለን ቆርጠን እንመጣለን። የተቆረጠው ቅጠል ለዶሮ ነው።

ድንች ላይ ደግሞ ጠላቱ ብርሃን ነው። ጠረጴዛ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል። አረንጓዴ መሆኑ ውስጡ መርዛማ ነገር እየበዛ ለመሆኑ ምልክት ነው፣ መቀቀልም አያጠፋውም። ስለዚህ ለማሳያ ጥቂት አውጥተን ሌላውን ጆንያ እናለብሰዋለን። ገዢ «ምን ደብቃችሁ ነው?» ሲል ልጄ ገልጦ ያሳያል፣ ምክንያቱንም ይናገራል። ደስ ይለዋል ይህን ማስረዳት። የምንተክለው በለጠና ጉደኔ የሚባሉ የድንች ዝርያዎችን ነው። ሁለቱም ከዚሁ ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡ ናቸው፣ ጉደኔ በፈረንጆቹ 2006፣ በለጠ በ2009። ባለቤቴ በለጠን የሚወደው ምርቱ ስለሚከብድ ነው። እናቴ አሁንም ጉደኔ ይሻላል ትላለች፣ አልተስማሙም።

ያልጠበቅነው ጥያቄ ስለ ውሃ መጣ። አንዲት ትልቅ እናት ጎመኑን አገላብጠው «ልጄ፣ ይሄ በምን ውሃ ነው ያደገው?» አሉኝ። በዝናብና በጉድጓድ ውሃ እንደሆነ ነገርኳቸው። «እርግጠኛ ነሽ? የአቃቂ ወንዝ አይደለም?» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በተበከለ ወንዝ የሚለማ አትክልት እንዳለ ሰው ያውቃል፣ ይፈራልም። አሁን ካርቶን ላይ ጽፈን ሰቅለናል፦ «ከሆለታ፣ በጉድጓድ ውሃ የለማ፣ ሌሊት የተቆረጠ»። ከሁሉም በላይ ሰው የሚያነበው ይህን ነው። እኚያ እናት አሁን ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ እኛ ጋ ነው የሚመጡት፣ ጎረቤቶቻቸውንም አምጥተዋል።

ስለ ሰዓቱ ካነሳሁ፣ ሁለት ማዕበል አለ። ከቅዳሴ መልስ የሚመጡት አንድ። ያኔ ቅጠል ይሄዳል፣ ሰዎቹም ብዙ አይከራከሩም። ከረፋዱ በኋላ ቤተሰብ ይዘው የሚመጡት ሁለት። እነሱ ኪሎ ይገዛሉ፣ ዋጋም ያወዳድራሉ። ሰላጣ ከሁለተኛው ማዕበል ካለፈ አትጠብቁበት፣ ዋጋውን ጣሉት። እኛ የተረፈውን በአካባቢው ላለች አንዲት ቁርስ ቤት እናስረክባለን። ድንችና ቀይ ስር ተመልሶ ይሄዳል፣ ቅጠል ግን ወደ ቤት ከተመለሰ የዶሮ ነው።

አሸጣጥ ላይ እናቴ በመደብ፣ እኔ በኪሎ ነበርን። አሁን ሁለቱንም እናደርጋለን። ድንችና ካሮት በሚዛን፣ ሚዛኑም ፊቱ ወደ ገዢው። ጎመንና ቆስጣ በእስር። ቅጠል በኪሎ ሲሸጥ ውሃ የነከረ ሰው ይጠቀማል፣ ያንን ገዢውም ያውቀዋል። እስር ግን በዓይን ይለካል። እስሮቹ ሁሌ እኩል እንዲሆኑ የምታስረው አንድ ሰው ብቻ ነች፣ እናቴ።

«ቀንሽልኝ» ሲመጣ ዋጋ አንነካም። «መርቂልኝ» ሲመጣ ግን እጃችን ይዘረጋል። ለምርቃት የምንሰጠው ጤና አዳም ነው። አጥራችን ሥር ሞልቷል፣ ምንም አያስወጣንም፣ እሁድ ደግሞ ቡና የማይፈላበት ቤት የት አለ? አንዲት ቅርንጫፍ ከጎመኑ ጋር ስትገባ ሰው ፈገግ ብሎ ይሄዳል። ዋጋ ቀንሰን ቢሆን በሚቀጥለው እሁድ የተቀነሰው ዋጋ መነሻ ይሆን ነበር።

ሌላው የምንሸጠው ጎመን ዘር ነው። ጥቂት የሐበሻ ጎመን ሳንቆርጥ እንዲያብብ እንተዋለን። ፍሬው ሲደርስ እናቴ ታበራየዋለች። ምጣድ ለማሰስ የሚፈልጉት እናቶች ትንሽ ትንሽ ቋጠሮ ይገዛሉ። አይበላሽም፣ ቦታ አይይዝም፣ ዝናብ ቀንም ይሸጣል። የዚህን ያህል ይፈለጋል ብዬ አልገመትኩም።

የዓመቱን መልክ የሚወስነው ጾም ነው። ዐብይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ያኔ ቅጠሉ፣ ድንቹ፣ ቀይ ስሩ ከጠረጴዛ ላይ ይጠፋል። እንቁላል ግን ማን ዞሮ ያየዋል? ዶሮዋ ደግሞ አትጾምም። ስለዚህ በጾሙ መጀመሪያ የተጣለውን ለሰፈር ሱቅ እንሰጣለን፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የተጣለውን ለፋሲካ እናስቀምጣለን። አናጥበውም። የእንቁላል ቅርፊት ላይ የማይታይ መከላከያ አለ፣ ሲታጠብ ይሄዳል። የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገን፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገን፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ቀኑን በእርሳስ ጽፈንበት። የሆለታ ብርድ እዚህ ላይ ይረዳናል። የተጠራጠረ ገዢ ካለ አንድ ብርጭቆ ውሃ አለን። ትኩስ እንቁላል ታች ይተኛል፣ የቆየ ይቆማል፣ ያረጀ ይንሳፈፋል። ስለ አስኳሉ ቢጫነት ሰው «የሐበሻ ስለሆነ ነው» ይላል። እኔ እውነቱን እነግራለሁ፦ ቅጠል ስለሚበሉ ነው፣ የእናንተው የካሮት ቅጠል።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ጎመን ይቀዘቅዛል። ለዚያ ጊዜ የሚደርሰውን ቀንሰን ሰላጣና ካሮት እንጨምራለን። በረመዳን ደግሞ ለሾርባና ለሳምቡሳ የሚሆን ድንች፣ ካሮት፣ የድንብላል ቅጠል ይፈለጋል። የመዝሪያ ቀናችንን የምንቆጥረው ከእነዚህ ወደ ኋላ ነው።

ገንዘብ። አብዛኛው ሰው አሁን በቴሌብር ይከፍላል። አንድ ሕግ ብቻ አለን፦ የገዢውን ስልክ ስክሪን አናይም፣ የራሳችን ስልክ ላይ መልዕክት ሲገባ ነው ተከፈለ የምንለው። ስልኩን የሚይዘው ወንድሜ ነው። ለጥሬ ብር ደግሞ ከቅዳሜ ጀምሮ ዝርዝር መሰብሰብ አለባችሁ። ዝርዝር የሌለው ሻጭ የመጀመሪያዎቹን ገዢዎች ለጎረቤት ጠረጴዛ ያስረክባል።

ፌስታል ነገር እየተለወጠ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የፌስታል ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እኛ ጎመኑን በቃጫ ማሰር ጀመርን፣ ዘንቢል ይዞ ለመጣ ደግሞ ጤና አዳሟ ትበዛለች። የሚገርመው ትልልቆቹ እናቶች ምንም አልከበዳቸውም፣ ዘንቢሉን መች ጥለውት? የተቸገረው ወጣቱ ነው።

ደብተሩ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ብዙ ቤተሰብ «አተረፍን» የሚለው የራሱን ጉልበት ሳይቆጥር ነው። እኛ ከትራንስፖርት፣ ከዘርና ከቦታው ወጪ ቀጥሎ አንድ መስመር ጨመርን፦ የእያንዳንዱ ሰው የእሁድ አበል። ወንድሜ ሌሊት ተነስቶ፣ ሳጥን ተሸክሞ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ «የቤት ልጅ ነው» ተብሎ በባዶ እጁ ሲገባ አንድ ቀን ይሰለቸዋል፣ ከዚያም ጥሎ ይሄዳል። አሁን አበሉ የታወቀ ነው። የእንቁላሉና የጎመን ዘሩ ገንዘብ የእናቴ ነው፣ ማንም አይጠይቃትም። አበሉን መጻፍ ስንጀምር የአንዳንድ እሁድ ትርፍ ኢምንት ሆኖ ታየ። ባለቤቴ ደነገጠ። እኔ ግን ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም የትኛው ሰብል የሰው ጉልበት እንደሚበላ ያኔ ነው የታየን። ለምሳሌ ቀይ ስር ሸክሙ ሌላ፣ ማጠቡ ሌላ፣ ዋጋው ግን ያው። ዘንድሮ ግማሽ አድርገነዋል።

ዕቁቡን ከጎረቤት ጠረጴዛዎች ጋር ነው የምንጥለው። ማር የሚሸጡ ባልና ሚስት አሉ፣ አይብና ቅቤ የምታመጣ አንዲት እህት፣ በርበሬ የሚያስፈጩ አንድ ጋሼ። ገበያ ካለቀ በኋላ እዚያው ይሰበሰባል። ከገንዘቡ በላይ የጠቀመን ግን አንዱ ሲጎድል ሌላው ጠረጴዛውን ይዞ መጠበቁ ነው። ማር ገዢው «ጎመን ከየት ይሻላል?» ሲል እኛን ይጠቁማሉ፣ እኛም እንዲሁ።

የእኛ ዕጣ ሐምሌ ላይ ይወጣል ተብሏል። በክረምት ጎመን ከየጓሮው ስለሚወጣ ዋጋው ይወርዳል፣ መንገዱም ጭቃ ነው። እናቴ ለጠረጴዛው ጥሩ የዝናብ ሸራ ትፈልጋለች፣ ባለቤቴ ተጨማሪ ዶሮ፣ ወንድሜ ከሳጥኑ ላይ ሌላ ሳጥን። እኔ ሸራው ላይ ነኝ። በክረምት የምትሸጡ ካላችሁ ሸራ የት እንደምታሰፉና ስንት እንደፈጀባችሁ ንገሩኝ፣ ከሐምሌ በፊት ክርክሩን ማሸነፍ አለብኝ።