ከ50 ዓመት በኋላ የጉልበት ጅማት ሲበጠስ

ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት መስቀለኛ ጅማት የተበጠሰበትን የ55 ዓመት ሰው «በዚህ ዕድሜማ ቀዶ ጥገናው ይቅርብህ» ብሎ መሸኘት ተገቢ አይደለም። ወሳኙ የልደት ዘመን ሳይሆን ጉልበቱ መክዳት አለመክዳቱ ነው። ሜዳ ላይ መራመድ፣ ብስክሌት መንዳት፣ መዋኘት ያለዚህ ጅማትም ይቻላል። ዞር ሲሉ ወይም ቁልቁለት ሲወርዱ የሚከዳ ጉልበት ግን በከዳ ቁጥር በአጥንቶቹ መሐል እንደ ትራስ ያለውን ሜኒስከስና የአጥንቱን ልባስ፣ ካርቲሌጁን፣ ይጎዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሦስት ወር ያህል በወጉ የተሠራ ፊዚዮቴራፒ። ከዚያም በኋላ ከከዳ በተበጠሰው ምትክ ሌላ ጅማት የሚተከልበት ቀዶ ጥገና ይታሰባል። ኤምአርአይ ተነሥታችሁም ቢሆን ቆመው የሚነሡት ራጅ አይቅር፤ ተኝተው ሲነሡ የመገጣጠሚያው መጥበብ ላይታይ ይችላል። ካርቲሌጁ ክፉኛ ካለቀ አዲስ ጅማት ሕመሙን አያስታግስም።

ትልቁ ጥፋት ያበጠና የማይዘረጋ ጉልበት ላይ መቸኮል ነው። አስቀድሞ እብጠቱ ይጉደል፣ ጉልበቱም እንደ ጤነኛው ቀጥ ይበል፤ ተኝቶ እግርን ሳያጥፉ ማንሣትም ይቻል። ይህ ሳይሟላ ከተሠራ ውስጡ በጠባሳ ተይዞ ለወራት አልዘረጋ ይላል። የተቀደደ ሜኒስከስ መሐል ገብቶ ጉልበቱን ከቆለፈው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ አይዘገይም።

ምትኩ ከጭን ኋላ፣ ከጉልበት ሎሚ በላይ ወይም በታች ካለ ጅማት ይወሰዳል። ከሎሚው በታች ከተወሰደ መንበርከክ ለረጅም ጊዜ ሊያም ይችላል። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ለሚሰግድ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ እናንተ አንሡት። ከሟች የተለገሰ ጅማት በወጣት ስፖርተኞች ላይ ቶሎ ይበጠሳል፤ ከ40 በላይ ለሆነ ሰው ግን፣ በሚገኝበት አገር፣ ደህና አማራጭ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ትራሱን ከጉልበት ሥር ሳይሆን ከተረከዝ ሥር አድርጉ፤ ከጉልበት ሥር ሲሆን ቢመችም ጉልበቱ እንደታጠፈ ይለምዳል። ባት ካበጠና ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር ያታልላል። ሕመሙ ጠፍቷል፤ ጅማቱ ግን ገና ደም ሥር እያበቀለ ራሱን ስለሚለውጥ ከተተከለበት ቀን ይልቅ ደካማ ነው። ኳስና ቴኒስ ከ9 ወር በፊት አይሞከርም፤ ከዚያም በኋላ የጭኑ ጡንቻ ጥንካሬ ተለክቶ የጤነኛውን ቢያንስ 90 በመቶ ሲደርስ ብቻ።