ሣር ይዞ እሳት ዳር

መንዝ ላይ ማታ ረጅም ነው። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቅና ብርዱ ሰውን በየክፍሉ ይከተዋል። እኔ በምሠራበት ሎጅ እንግዳው ቀኑን ሙሉ ጓሳ በሚባለው የተጠበቀ የደጋ ሣር መሬት ላይ ጭላዳ ሲያይ፣ ቀይ ቀበሮ ሲፈልግ ይውላል። አመሻሹ ላይ ይመለስና "አሁንስ ምን አለ?" ይላል። እራት አለ። ሻይ አለ። እንቅልፍ አለ። ሌላ ምንም የለም።

ሥራ አስኪያጃችን ይህን ጥያቄ ሲሰማ ሲሰማ አንድ ሐሳብ መጣለት። ቅዳሜ ማታ የአካባቢው ጥበበኞች ይምጡና በእንግዳ ፊት እየሠሩ ያሳዩ አለ። ርዕሱንም ራሱ አወጣው፤ "ተፈጥሮ ያነሣሣቸው እጆች" የሚል። በትልቁ ታትሞ፣ ላስቲክ ለብሶ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

የእኔ ሥራ ጄኔሬተር፣ መብራት፣ ወንበርና ማገዶ ነው። ስለ ጥበብ ብዙ አላውቅም። ግን እንዲህ ባለ ዝግጅት ላይ ወንበር የሚያነሣ ሰው ከመድረክ መሪው የበለጠ ያያል። ሌላው ሁሉ ፊት ለፊት ሲያይ እሱ ጎን ቆሟላ።

ሦስት ሰዎች ተጠሩ። አንደኛው ገመድ የሚገምዱ አባት ናቸው፤ ከሎጁ ብዙ የማይርቅ ቀበሌ ይኖራሉ። ሁለተኛዋ የበግ ፀጉር የሚፈትሉ እናት ናቸው። የእሳቸው ፈትል ሸማኔ እጅ ገብቶ ባና ይሆናል፤ መንዝን ከብርድ የሚያስጥለው እሱ ነው። ሦስተኛዋ ከደብረ ብርሃን የመጣች ወጣት ሠዓሊ ናት። ጭላዳና ጅብራ ትስላለች። ጅብራ የማያውቅ ካለ፣ ደጋው ላይ ሰው ቆሞ የሚጠብቅ መስሎ ከሩቅ የሚያደናግረው ረጅሙ ተክል ነው።

ሥራ አስኪያጁ በሐሳቡ የሣለው ሥዕል ነበረው። መሀል ላይ ትልቅ እሳት፣ ዙሪያውን ሦስቱ ባለሙያዎች፣ ከኋላ እንግዶች። "ፎቶው ልዩ ነው የሚሆነው" አለኝ። እኔም የባሕር ዛፍ ግንድ ከመርኩ። የጓሳን ቁጥቋጦ ለማገዶ መንካት ስለማይቻል እኛ ጋ የሚነደው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው።

ገመድ የሚገምዱት አባት 11 ሰዓት ላይ ደረሱ። ጀርባቸው ላይ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ሣር አዝለዋል። ግቢው መሀል ቆመው የማገዶውን ክምር አዩ። ከዚያ የተዘጋጀላቸውን ወንበር አዩ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን አዩት።

"ሣር ይዤ እሳት ዳር አልቀመጥም።"

"አባባ፣ እኮ ርቀት አለው። ሦስት ሜትር ነው።"

"ነፋሱ ሜትር ያውቃል?"

ወንበራቸውን ራሳቸው አንሥተው የወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር አስቀመጡት። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሮ ፊቱን አጨማደደ። ፎቶው ተበላሽቶበታል። እኔ ግን በሆዴ ደስ አለኝ፤ እሳት ቢነሣ ባልዲ ይዞ የሚሮጠው እኔ ነኛ።

እንግዳው ሲሞላ እንግዳ መቀበያ ላይ የሚሠራው ልጅ ማይክ ይዞ ተነሣ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ድምፁም ያምራል። ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍ ያደረው መግቢያ ነበረው። እንዲህ አይነት መግቢያ ታውቃላችሁ፤ ውበት፣ መንፈስ፣ ልብ፣ እንደገና ውበት። "እኚህ አባት" አለ፣ "ከልጅነታቸው ጀምሮ የጓሳ ሣር በነፋስ ሲወዛወዝ እያዩ፣ ውበቱ ልባቸውን ሰርቆት..."

"ኧረ ልጄ!" አሉ አባባ ከግድግዳው ሥር። "ምን ልቤን ይሰርቀኛል፤ የበሬ ማሰሪያ አጥቼ ነው የተማርኩት።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁም ከመሳቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ማይኩን አጠፋው። በእኔ ግምት የዚያ ምሽት ዝግጅት የጀመረው ያኔ ነው። ሰው ወንበሩን እያነሣ ወደ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ቀረበ። እሳቱ ብቻውን ቀረ።

አባባ ማዳበሪያውን ፈቱ። ሣሩ እርጥብ ነበር። ደረቅ ሣር ሲጠመዘዝ ስለሚሰበር ከቤት ሲነሡ ውሃ አርከፍክፈውበታል፤ መንገድ ላይ በማዳበሪያው ውስጥ ለስልሷል። ሁለት እፍኝ ለዩ። ጫፉን አንድ ላይ ቋጥረው በእግራቸው አውራ ጣት ያዙት። ከዚያ ያየሁትን ልናገር፤ ቀርቤ አምፖል ስይዝላቸው ስለነበር በደንብ አይቻለሁ። ሁለቱንም ወገን ለየብቻ በመዳፋቸው ወደ ቀኝ ያከርሩታል። ከከረረ በኋላ ሁለቱን እርስ በርስ ሲጠመጥሟቸው ግን ወደ ግራ ነው። አንዱ ልፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቀዋል። ገመድ ያለ ሙጫ፣ ያለ ምስማር ተያይዞ የሚቆመው በዚህ ጠብ ነው። አንዱ ወገን እየቀጠነ ሲመጣ አዲስ ሣር ይጨምሩበታል፤ ግን ሁለቱን ወገን አንድ ቦታ ላይ አይቀጥሉም። "እዚያው ይበጠሳላ" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እያንዳንዱን ሣር በጣታቸው እየመዘዙ፣ አጭሩን እየጣሉ፣ ረጅሙን እየያዙ ይሠራሉ። ከአዲስ አበባ ከመጣ ቤተሰብ ጋር የነበረ አንድ ሕፃን ይህን ሲያይ ቆይቶ ጮክ ብሎ "እንደ ጭላዳው!" አለ።

ጸጥታ ወረደ። እናቱ አፉን ልትይዘው ተንጠራራች። እውነቱን ለመናገር ልጁ አልተሳሳተም። ጭላዳ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ዋነኛ ምግቡ ሣር የሆነ ብቸኛው እንስሳ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ አንድ በአንድ እየመዘዘ ሲነቅል ይውላል። ሕፃኑ ያንኑ ከሰዓት በኋላ ሲያየው ነበር።

አባባ ግን ሳቁ። "እሱም የጓሳ ልጅ ነው" አሉ። "ልዩነታችን እሱ ፈቃድ አይጠይቅም። እኛ ግን ስንጠይቅ ነው የኖርነው።"

እንግዶቹ የምን ፈቃድ እንደሆነ ጠየቁ። ይህን ጥያቄ ያመጣው የሕፃኑ ድፍረት ነው፤ መድረክ መሪው ያነበበው መግቢያ ቢቀጥል ኖሮ ማንም አይጠይቅም ነበር። ጓሳ ለብዙ መቶ ዓመት ቄሮ በሚባል የአገሬው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ መሬት ነው። ሣሩን የማጨድ መብት የነበራቸው ዘራቸውን ከአስቦና ከጌራ፣ ከአካባቢው ቀደምት አባቶች፣ የሚቆጥሩ ባለ ርስቶች ነበሩ። አለቆቻቸውን እነሱው ይመርጣሉ። መሬቱ አንዳንዴ 3 ዓመት፣ አንዳንዴ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ከብትም አይገባ፣ ማጭድም አይገባ። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል። ያኔ ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ የሚሆነውን ያጭዳል። ከ1967 የመሬት አዋጅ በኋላ ርስቱም ሥርዓቱም ፈረሰ። ኋላ ኅብረተሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ እንደገና መጠበቅ ጀመረ።

ይህን ሁሉ አባባ በተርታ አልተረኩትም። እጃቸው እየሠራ፣ በጥያቄ መሀል፣ አንዳንዴ ሣሩን እየሰደቡ ነው የነገሩን። "አባቴ ይህን ቢያይ ይጥለው ነበር፤ አጭር ነው" ይላሉ። ሣሩ ካልቆየ አይረዝምም። ካልረዘመ ቅጥሉ ይበዛል። ቅጥል የበዛበት ገመድ በሬ አይዝም። መሬቱ ለምን ለዓመታት ይዘጋ እንደነበረ ከዚያ ገመድ ላይ በዓይኔ አየሁ። ብዙ የጥበቃ ስብሰባ ላይ ወንበር ደርድሬያለሁ፤ እንዲህ የገባኝ ግን የለም።

ፈታይዋ እናት እሳቱ ዳር መቀመጡን አልጠሉትም። "ለእኔ ይስማማኛል፣ እጄ ይሞቃል" ብለው እዚያው ቀሩ። ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ ፀጉር በየእንቅቡ አስቀምጠዋል። ቀለም የሚባል አይነኩም፤ የበጉ መልክ ይበቃቸዋል። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ሲለቁት፣ ከእጃቸው የሚወጣው ክር ሳይጎረብጥ ይረዝማል። ዓይናቸው ግን ክሩ ላይ አይደለም፤ ሰው ያያሉ፣ ያወራሉ። በጣታቸው ነው የሚያዩት። የማታ ሙያ ካለ እሱ ነው።

አባባ ገመዱን ሊጨርሱ ሲሉ የፈራሁት መጣ። ነፋሱ ድንገት ተነሣ፣ አንዱ ግንድ ጧ ብሎ ፈነዳ፣ ፍሙ ተበተነ። አንዱ በቀጥታ እናትየዋ ጭን ላይ ያለው ነጭ ፀጉር ላይ አረፈ። መድረክ መሪው ልጅ የውሃ ጆግ ይዞ ዘለለ።

"ተው! ታረጥብብኛለህ!" ብለው ገሠጹት። ፍሙን በሁለት ጣት ቆንጥረው ጣሉት። ፀጉሩ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ቀረች፤ ግቢው የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። ሌላ ምንም የለም። "የበግ ፀጉር ነዶ አይሄድም፤ ይኮማተርና እዚያው ይጠፋል። ባና የለበሰ እረኛ እሳት ሥር የሚተኛው ወዶ መሰለህ?" አሉት። ከዚያ ወደ አባባ ዞረው "የእርስዎ ቢሆን ኖሮ..." ብለው ተዉት።

አባባ መልስ አልሰጡም። ሥራ አስኪያጁን ብቻ አዩት። እሱም ስልኩን ያይ ጀመር።

ሠዓሊዋ ላይ የደረሰውን የሰማነው በነጋታው ነው። የግቢው አምፖሎች ሁሉ ቢጫ ናቸው፤ "ሞቅ ያለ ስሜት ይሰጣሉ" ተብለው የተገዙ። በቢጫ መብራት ነጭ ሸራ ላይ ቢጫ ቀለም አይታይም። ሰማያዊ ደግሞ ጥቁር ይመስላል። እሷም ሣሩ አልደምቅ ሲላት ቢጫውን ስትጨምር፣ ስትጨምር አመሸች። ጠዋት ፀሐይ ላይ ስታወጣው ጭላዳው እንቁላል ፍርፍር ውስጥ የተቀመጠ መሰለ። ይህን ያለችው ራሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ደረቱ ላይ ያለው ቀዩ ምልክት ብቻ ነው የተረፈላት። በዚያ ላይ ቀለሙ በብርዱ አልደረቀም፤ ጀርባው ላይ ጣቷ ታትሟል።

"ባለ መብራቱ አንተ ነህ አይደል?" ብላ እኔ ጋ መጣች።

"ባለ መብራቱ እኔ ነኝ፤ ገዢው ግን እኔ አይደለሁም" አልኳት። ከሰዓት በኋላ ብትመጣ ምን እንደሚመስል ተነጋገርን። ጭላዳዎቹ ማታ ገደል ወርደው ስለሚያድሩ፣ የምትስላቸው ሳይወርዱ ቢሆን እንግዳውም ሥዕሉንና እንስሳውን ጎን ለጎን ያያል አለች። ይህ በጣም ግልጽ ነገር ነው። የማታ ዝግጅት የሚለው ስም ግን ሁላችንንም ማታ ላይ ቸንክሮን ነበር።

እሑድ ረፋድ ላይ ሁሉም ተቀምጠው ተነጋገሩ። ከባዱ የብር ጉዳይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ዕቃቸው ስለሚሸጥላቸው ሌላ ክፍያ አላሰበም። የአባባ ገመድ እውነትም ተሸጧል፤ የሕፃኑ አባት ነው የገዛው፣ አዲስ አበባ ምን ሊያስርበት እንደሆነ እንጃ።

"ሽያጩ የገመዱ ነው" አሉ አባባ። "የማታዬስ? ደግሞ በጅብ መሀል ወደ ቤቴ ልሂድ? አድሬያለሁ። ከብቶቼን የሰው ልጅ ለምኜ ነው ያሳደርኩት።"

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። ትንሽ ተከራከረና እሺ አለ። ዕቃ ተሸጠም አልተሸጠ ለምሽቱ የሚከፈል ተቆረጠ። ማደሪያና እራት በሎጁ ሆነ። ለፈታይዋ እናት በተበላው ፀጉር ምትክ ይሰጥ ተባለ፤ እሳቸው ግን "ለአንዲት ነጥብ?" ብለው ሳቁበት።

አሁን ቅዳሜ የሚጀምረው ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ነው። ሠዓሊዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀለሟን ትሰበስባለች። ሲመሽ ፈታይዋ እናት እሳቱ ዳር፣ አባባ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር። መግቢያ የሚያነብ የለም። ልጁ ዝም ብሎ ያስተዋውቅና ጥያቄ ካለ ያሻግራል፤ ይህ ደግሞ ከንግግሩ ይልቅ ያምርበታል። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት እንዳለ አለ፤ ላስቲኩ ብዙ ብር ስለወጣበት ይቆይ ተብሏል። ለአባባ ጥግ ነጭ አምፖል ጠይቄያለሁ። ግዢ ክፍል በጀት ሲለቀቅ ብሎኛል። እስከዚያው የስልኬን መብራት ይዤ አጠገባቸው እቆማለሁ፤ እሳቸውም እጄ ሲዝል አይተው "በግራህ ያዘው" ይሉኛል።