ባዶ ሊስት የመለሰልኝ ፋይል፦ ከኤክስኤምኤል ጋር የቆየሁባቸው ሦስት ሳምንታት

በፓይተን ስክሪፕት መጻፍ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ባለፉት ሦስት ሳምንታት የያዝኩት ሥራ፣ የመጻሕፍት ዝርዝር የያዘ አንድ የኤክስኤምኤል (XML፣ መረጃን በስም ምልክቶች ከፋፍሎ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ፋይል ከፍቶ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ርእስ፣ ደራሲና የኅትመት ዓመት ወደ ሠንጠረዥ የሚገለብጥ ስክሪፕት ማዘጋጀት ነው። በአንድ ምሽት ያልቃል ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ያለፈው አንዳችም የስሕተት መልእክት በማያሳይ፣ አንዳችም ውጤት በማይሰጥ ኮድ ላይ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ ይጠቅማል በሚል ያጋጠመኝን እጽፋለሁ።

ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው የኤክስኤምኤል ማንበቢያ፣ በኤለመንት ትሪ (ElementTree)፣ ፋይሉን ከፈትኩ፤ ያለ ችግር ተከፈተ። ከዚያ «መጽሐፍ» የሚባሉትን ኤለመንቶች (በመክፈቻና በመዝጊያ ታግ የታጠሩ የፋይሉን ክፍሎች) ሁሉ እንዲያመጣልኝ ፋይንድ ኦል (findall) የተባለውን የፍለጋ ትእዛዝ ጠየቅኩ፤ ባዶ ሊስት መለሰ። (ታጎቹ፣ ማለትም በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የሚጻፉት ስሞች፣ በፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል ነው የተጻፉት፤ እዚህ ግን ለንባብ እንዲመች በአማርኛ እጠራቸዋለሁ።) ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቼ ሳየው «መጽሐፍ» የሚለው ታግ በዓይኔ ፊት ተደርድሯል። ስለዚህ ጥፋቱ የመፈለጊያው አገላለጽ ነው ብዬ ነጠላውን እዝባር (/) በድርብ እዝባር (//) ቀየርኩ፣ ነጥብ ጨመርኩ፣ መንገዱን ከሥሩ ጀምሬ ጻፍኩ። መልሱ ያው ባዶ ሊስት ነበር። ብዙ ቀን ያባከንኩት እዚህ ላይ ሲሆን፣ ምክንያቱም ፋይሉን እኔ እንደማየው እንጂ ፓርሰሩ (ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም) እንደሚያየው አለማየቴ ነው።

መፍትሔው የተገኘው በአንድ መስመር ነው። ሌሎቹን ሁሉ የሚይዘውን የሥሩን ኤለመንት ታግ አሳተምኩ። «ዝርዝር» የሚል ቃል ጠብቄ ሳለ፣ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ አንድ ረጅም አድራሻ፣ ከቅንፉ ቀጥሎም «ዝርዝር» የሚል ስም ታተመ። ወደ ፋይሉ ተመልሼ የመጀመሪያውን ታግ እስከ መጨረሻው ሳነብ፣ ከስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ አልፎ የተደበቀ የኔምስፔስ (ተመሳሳይ ስሞችን የሚለይ የስሞች ክልል) መግለጫ አገኘሁ። ነባሪ ኔምስፔስ በሥሩ ላይ ከተገለጸ፣ ከሥሩ በታች ያሉ ቅድመ ቅጥያ (ከስሙ በፊት በ«:» ተለይቶ የሚጻፍ አጭር መጠሪያ) የሌላቸው ኤለመንቶች ሁሉ ይወርሱታል፤ በመሆኑም ለፓርሰሩ የኤለመንቱ ሙሉ ስም አድራሻውንም ይጨምራል። ያለ ቅድመ ቅጥያ የተጻፈ ስም ደግሞ በኤክስፓዝ (XPath፣ የኤክስኤምኤል መፈለጊያ ቋንቋ) 1.0 ደንብ «ኔምስፔስ የሌለው» ማለት ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ በትክክል ነበር የመለሰልኝ፤ የጠየቅኩት ዓይነት ኤለመንት በፋይሉ ውስጥ አልነበረም።

አሠራሩን ሳውቅ መፍትሔው ቀላል ሆነ። በአንድ ዲክሽነሪ (የፓይተን የስምና ዋጋ ጥንዶች ስብስብ) ውስጥ ራሴ የመረጥኩትን አጭር ቅድመ ቅጥያ ከአድራሻው ጋር አጣምሬ ለፋይንድ ኦል ሰጠሁ፤ በፍለጋውም ውስጥ ከእያንዳንዱ የኤለመንት ስም በፊት ያንን ቅድመ ቅጥያ ጻፍኩ። ቅድመ ቅጥያው ፋይሉ ውስጥ ካለው ጋር መመሳሰል አያስፈልገውም፤ መመሳሰል ያለበት አድራሻው ነው፤ እሱም በፊደል ለፊደል ንጽጽር ስለሆነ በመጨረሻው ላይ አንዲት እዝባር (/) ብትጎድል እንኳ ሌላ ኔምስፔስ ይሆናል። አድራሻው የድረ ገጽ ቢመስልም ፓርሰሩ ወደዚያ ሄዶ የሚያነበው ነገር የለም፤ መለያ ስም ብቻ ነው። ከፓይተን 3.8 ጀምሮ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ኮከብ በማድረግ «የትኛውም ኔምስፔስ ይሁን» ማለት ይቻላል፤ ለፈጣን ምርመራ እጠቀምበታለሁ፤ በሚቆይ ስክሪፕት ውስጥ ግን አድራሻውን በግልጽ መጻፍ እመርጣለሁ።

በዚህ ደስ ብሎኝ ቅድመ ቅጥያውን በአትሪቢዩቶች (በመክፈቻ ታጉ ውስጥ በሚጻፉ ተጨማሪ መረጃዎች) ላይም ጨመርኩ፤ የኅትመት ዓመቱ ጠፋ። ነባሪ ኔምስፔስ አትሪቢዩትን አይመለከትም፤ ቅድመ ቅጥያ የሌለው አትሪቢዩት በባዶ ስሙ ነው የሚጠራው።

ታጎቹን በአማርኛ ስጽፍ አንድ ነገር ለማጣራት ተገፋፍቼ ነበር፤ እንዲህ ያለ ፋይል በእርግጥ ይነበባል? ኤክስኤምኤል 1.0 በ1998 ሲወጣ ለስም የሚፈቀዱት ፊደላት በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ሥርዓት) 2.0 ላይ ተመሥርተው ነበር፤ የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው ግን በ1999፣ በ3.0 ነው። ፈቃዱ የመጣው በ2004 ከኤክስኤምኤል 1.1 ጋር፣ ለ1.0 ደግሞ በ2008 በወጣው 5ኛ እትም ነው። በኤለመንት ትሪ ሥር የሚሠራው ፓርሰር፣ ኤክስፓት (Expat)፣ የሚከተለው 4ኛውን እትም በመሆኑ የአማርኛ ታግ አይቀበልም። በታጎች መካከል ያለው ጽሑፍ ግን በአማርኛ ቢሆን ምንም ችግር የለበትም።

ሁለተኛው ሳምንት በአንድ «ከሆነ» (if) ላይ አለፈ። ርእስ የሌላቸውን መጻሕፍት ለመዝለል፣ የተገኘውን የርእስ ኤለመንት በቀጥታ በ«ከሆነ» ፈተንኩት፤ ስክሪፕቱም ሁሉንም መጻሕፍት ዘለላቸው። በኤለመንት ትሪ ውስጥ ልጅ ኤለመንት የሌለው ኤለመንት፣ ጽሑፍ ቢኖረውም እንኳ፣ በእውነትና ሐሰት ሲመዘን ሐሰት ነው። ትክክለኛው ፈተና ውጤቱ None (በፓይተን «ምንም የለም» ማለት) አለመሆኑን መጠየቅ ነው። ከፓይተን 3.12 ጀምሮ እንዲህ ያለው አጻጻፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የእኔ ግን የቆየ ስለነበር ዝም አለ።

ፋይሉ ስለ መጻሕፍቱ በያዛቸው ማስታወሻዎች ላይ ደግሞ ግማሹ ዓረፍተ ነገር ይጎድል ነበር። አንዱን ላሳያችሁ፦

<ማስታወሻ>ይህ <አጽንዖት>ሁለተኛው</አጽንዖት> እትም ነው</ማስታወሻ>

የማስታወሻውን ቴክስት፣ ማለትም ከመክፈቻ ታጉ ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ፣ ስጠይቅ የተሰጠኝ «ይህ» ብቻ ነው። «ሁለተኛው» የአጽንዖት ቴክስት ነው፤ «እትም ነው» የሚለው ደግሞ የማስታወሻው ሳይሆን የአጽንዖት ቴይል ነው፤ ማለትም ከመዝጊያ ታጉ በኋላ የተከተለ ጽሑፍ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ለማግኘት ኢተርቴክስት (itertext) የተባለው ትእዛዝ የሚሰጠውን መገጣጠም በቂ ነው። ይህን ሳላውቅ አጽንዖትን ከዛፉ፣ ማለትም ከኤለመንቶቹ መዋቅር፣ አስወግጄ ስለነበር፣ ቴይሉም አብሮት ሄዶ ብዙ ማስታወሻዎች «ይህ» በሚል ቃል ላይ ተቆርጠው ቀርተዋል። በሉፕ እየዞሩ ከዚያው ወላጅ ላይ ማስወገድም አይገባም፤ ቀጥሎ ያለው ኤለመንት ይዘለላል። መጀመሪያ ወደ ሊስት መቅዳት ያስፈልጋል።

አሁን ስክሪፕቱ ይሠራል። የተመረጡት ኤለመንቶች ቁጥር ዜሮ ከሆነ የሥሩንና የመጀመሪያ ልጆቹን ታግ አሳትሞ እንዲቆም አድርጌዋለሁ፤ ባዶ ሠንጠረዥ ጽፎ በሰላም ከሚጨርስ ይህ ይሻለኛል። በዚህ ሳምንት የጀመርኩት ትልልቅ ፋይሎችን በኢተርፓርስ (iterparse) ትእዛዝ ቁራጭ በቁራጭ ማንበብ ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ ርእሶቹን አልፎ አልፎ ባዶ አደረጋቸው፤ ኤለመንቱን በ«ስታርት» ክስተት ላይ ስለያዝኩት ነው፤ በዚያ ቅጽበት ጽሑፉና ልጆቹ ገና ላይነበቡ ይችላሉ። ወደ «ኤንድ» ቀይሬ፣ እያንዳንዱን መጽሐፍ ከገለበጥኩ በኋላ በክሊር (clear) ትእዛዝ እያጸዳሁ እንደገና እየሞከርኩ ነው።