ጅማ ላይ ከዋንዛ የሠራሁት ኤሌክትሪክ ጊታር

መጀመሪያ የለየሁት የማሽኑን ሥራና የእጅን ሥራ ነው። የጅማን በርጩማ ያየ ሰው፣ ጎበዝ እጅ ከእንጨት ምን ማውጣት እንደሚችል ያውቃል። ጊታር ላይ ግን ሚሊሜትር የሚከፋፈልበት ቦታ አለ። እዚያ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚመራ የመቁረጫ ማሽን፣ ያስፈልጋል። የበር ጌጥ የሚቀርጹበት አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ማሽኑን አስጠቀመኝ፤ ንድፉን ፍሪካድ በሚባል በነፃ በሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራሁት።

ለገላው ዋንዛ መረጥኩ። ለመሥራት ይመቻል፣ መልኩም ያምራል። የሥራ ቤቱ ባለቤት ጣውላውን ዳሰስ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ገና ውሃ አለው፤ አትቸኩል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የጅማ ዝናብ ቀላል አይደለም፣ ያልደረቀ ጣውላ ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ ይጣመማል። በየመሃሉ አየር እያስገባሁ ቤት ውስጥ ደርድሬ አደረቅኩት።

ትልቁ ነገር የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም የሚገቡት ቀጫጭን ብረቶች) ቦታ ነው። ከነት (ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፍበት) እስከ ብሪጅ (ገላው ላይ እስከሚያርፍበት) ያለው የክር ርዝመት 648 ሚሊሜትር ነው። ይህን ለ17.817 ስታካፍሉት 36.37 ይመጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬት እዚያ ላይ ነው። ከቀረው ርዝመት ላይ እንደገና ታካፍላላችሁ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። 12ኛው ፍሬት ልክ ግማሹ ላይ፣ 324 ላይ ያርፋል። ትንሽ ከተዛነፈ ትዝታም ሆነ ባቲ ቅኝቱ ይበላሻል። ለዚህ ነው የማሽኑን ትክክለኛነት እዚህ ላይ ያዋልኩት። ፍሬቶቹ የሚገቡባቸው መስመሮች ስፋት 0.6 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ ፑንታው ቀጭን ነው፣ በቀላሉ ይሰበራል። በስሱ፣ ደጋግሞ መቁረጥ ነው መፍትሄው።

አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድም እንደዚያው ነው። ፑንታ ክብ ስለሆነ የውስጥ ማዕዘን ሹል አይወጣለትም። 6 ሚሊሜትር ከሆነ 3 ሚሊሜትር ክብነት ይተዋል። እሱን በመሮ አጸዳሁት። የአንገቱን ጀርባ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በእጅ ጨረስኩት፤ መዳፍ የሚወደውን ቅርጽ የሚያውቀው መዳፍ ነው። ውስጡ የሚስተካከል የብረት ዘንግ አለ። ስድስቱ ክሮች ሲወጠሩ አንድ ላይ ከ40 ኪሎ በላይ ስለሚስቡ፣ ያለ ዘንጉ አንገቱ ይጎብጣል።

ስለ መብራት ሳልናገር አላልፍም። ሥራ መሃል ሲጠፋ ማሽኑ የነበረበትን ቦታ ይረሳል። ስለዚህ ጣውላውንና ጠረጴዛውን አንድ ላይ በስቼ ሁለት የእንጨት ካስማ አስገባሁ። መነሻ ነጥቡንም ከአንዱ ካስማ ለካሁ። መብራት ሲመጣ ከዚያው መቀጠል ይቻላል።

ፒካፑ ማግኔትና የመዳብ ጥቅል ነው፣ የብረቱን ክር ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። የመብራት መስመርን ጉምጉምታም ይስባል። ጉድጓዱን በመዳብ ፎይል ሸፍኜ ከግራውንድ ሽቦው ጋር በየድኩት፤ ጉምጉምታው በደንብ ቀነሰ።

ቀጥሎ የምሠራው ቤዝ ጊታር ነው። የክሩ ርዝመት 864 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ማካፈያው ግን ያው 17.817 ነው።