አንድ መስኮት ላይ ተጥደን ዋልን

ዲዛይን ኮርስ ላይ «ነባር ሥራ አጥኑ» ተብለን ግማሹ ክፍል ፒንተረስት ላይ የዱባይ ቪላ ሲያሳድድ፣ መምህራችን «ፋሲል ግንብ እዚሁ አፍንጫችሁ ስር እያለ?» ብለው ሜትር አስይዘው አስወጡን። ደግ አደረጉ!

ጎንደር አድጎ ግንቡ ስር ፎቶ ያልተነሳ የለም። መስኮቱን ልብ ብሎ ያየው ግን ስንቱ ነው?

ግድግዳው ሸካራ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በኖራ የተያያዘ። ባዛልት ስለሆነ ለመጥረብ ልብ ያወልቃል። መስኮቱ ዙሪያ ሲደርስ ግን ድንጋዩ ይቀየራል። ቀላ ያለ፣ ለመሮ የሚመች ድንጋይ ይገባል። ከመስኮቱ በላይ ባለው ቅስት ላይ እያንዳንዱ ድንጋይ እንደ ሽብልቅ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ብሎ ተጠርቧል። ክብደት ሲመጣበት ይበልጥ ይጣበቃል እንጂ አይወድቅም። ግፊቱ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ያንን የሚችለው ደግሞ ያ ወፍራም ግድግዳ ነው። እኔ ውፍረቱን ለጦርነት ብቻ ነበር የምሰጠው።

1 ለ 20 (ከእውነተኛው ሃያ ጊዜ አሳንሳችሁ) መሳል ስትጀምሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የእንጨቱ መቃን የት ጋ ገባ? የክረምቱ ዝናብ በየት በኩል ይወርዳል? ከሩቅ ሲታይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመጣም።

ከሰዓት እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ጣሊያን የሠራቸውን ሕንፃዎች ቃኘን። ጌጥ አይወዱም። እውነቱን ለመናገር ከግንቡ በኋላ ትንሽ ደረቁብኝ።

ነገ ቁስቋም ነን፤ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ ቀዩ ድንጋይ ላይ መስቀል የተቀረጸበት። ረጅም ሜትር ያላችሁ አውሱን እባካችሁ፣ የእኛው ተበጥሷል 😄